«ከልጄ ገላ ተቆርጦ ከምኖር አፈር ልልበስ» አልኳት

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። ዕድሜዬ 52 ነው። የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ሥራዬ መምህርነት ነው፤ በሕመሜ ምክንያት ግን ክፍል ከገባሁ ቆየሁ። የደም ግፊት እንዳለብኝ ለዓመታት አውቅ ነበር። ሲሻለኝ መድኃኒቱን እተወዋለሁ፣ ራሴን ሲያመኝ እጀምረዋለሁ። በመጨረሻ ሁለቱም ኩላሊቶችህ ደክመዋል ተባልኩ። አሁን በሳምንት ሁለት ቀን እጥበት አደርጋለሁ። ሐኪሙ ሦስት ቀን ነው የሚሻልህ ይለኛል፤ አቅሜ የሚችለው ግን ሁለቱን ነው።

ትልቋ ልጄ 23 ዓመቷ ነው። ተመርቃ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ቢሮ ውስጥ ሥራ ከያዘች ዓመት አልሞላትም። ባለፈው ወር ማንንም ሳታማክር ደሟን አስመርምራ መጣች። እሷ ኦ ናት፣ እኔ ኤ ነኝ። እንደሚሆን ጠይቃ አረጋግጣለች። «አባዬ፣ እኔ እሰጥሃለሁ» አለችኝ። ተቆጣኋት። «ከልጄ ገላ ተቆርጦ ከምኖር አፈር ልልበስ» አልኳት። እያለቀሰች ወጣች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትመጣ እምብዛም አታዋራኝም። አንድ ቀን ብቻ «ታዲያ ዝም ብዬ ልይህ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ባለቤቴ ራሷ ልትሰጠኝ ፈልጋ ነበር፤ ስኳር ስላለባት አይሆንም አሏት። አሁን ከልጄ ጎን ቆማለች። «እምቢ ያልከው ለልጅህ ብለህ ነው ወይስ ለኩራትህ?» ትለኛለች።

እህቴ ኮምቦልቻ ናት፣ ታናሽ ወንድሜ ሐይቅ ነው። ትንሽ እንዳመመኝ ያውቃሉ፤ እጥበት ላይ መሆኔን ግን አልነገርኳቸውም። ሰው ማስቸገር አልወድም። ታላቅ ወንድሜ እዚሁ ሸዋ በር ነው ያለው። በአባታችን ቤት ውርስ ከተጣላን ስምንት ዓመት ሆነን። ፒያሳ ላይ ብንገናኝ እንኳ ፊታችንን እናዞራለን። ምን ብዬ ነው እነሱን ኩላሊት የምለምነው?

ሰሞኑን ደግሞ አንድ ሰው ደወለልኝ። ገንዘብ ካለህ ለጋሽ አገኝልሃለሁ፣ የአክስት ልጅ ነው የሚል ወረቀት ይሠራል፣ ሕንድ ሄደህ ትታከማለህ አለኝ። ቤቱን ልሽጠው ይሆን እያልኩ ማሰብ ጀምሬአለሁ። አክስቴ በበኩሏ አላህ የሰጠውን ገላ ማዘዋወር ሐራም ነው ትላለች። ግራ ገብቶኛል። ልጄን መከልከሌ ጥፋት ነው?

የልጄ አባት፣ ከደሴ


ጋሼ፣ መጀመሪያ ለጥያቄዎ መልስ ልስጥ። ልጅዎን መከልከልዎ ጥፋት አይደለም። የማንንም ኩላሊት አልቀበልም ማለት መብትዎ ነው። አባት ልጁን ቢላ እንዳይነካት መፈለጉም አያስወቅሰውም። እኔን ያሳሰበኝ እምቢ ያሉበት መንገድ ነው። ልጅዎ መፍትሔ ይዤ መጣሁ ብላ ነው ቤት የገባችው። የሰማችው ግን አባቷ ሞትን ሲመርጥ ነው። «ዝም ብዬ ልይህ?» ያለችዎት ለዚህ ይመስለኛል። ያ ጥያቄ እስካሁን መልስ አላገኘም።

ስለዚህ ከሁሉም በፊት እሷን ያነጋግሯት። ቅዳሜ ስትመጣ ሁለታችሁ ብቻ ቁጭ በሉ። ስለ መስጠትና መቀበል ለመወሰን አይደለም። «የዚያን ቀን የተቆጣሁት ስለፈራሁ ነው» ይበሏት። የፈሩትንም ሳይሸፋፍኑ ይንገሯት። ቀዶ ሕክምናው ነው? ትዳሯ ነው? ነገ መውለዷ ነው? ወይስ እሷ አንድ ነገር ሆና እርስዎ መትረፍዎ? ከዚያ ደግሞ ይስሟት። ለምን መስጠት እንደፈለገች ጠይቀዋት ያውቃሉ? በደብዳቤዎ ውስጥ መልሱን ፈልጌ አጣሁት።

የባለቤትዎ ጥያቄ ከበድ ይላል። መልሱን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ግን ደብዳቤዎን ሳነብ አንድ ነገር ልብ አልኩ። ልጅዎን እምቢ አሏት። ለእህትና ለወንድምዎ አልነገሩም። ለማያውቁት ደላላ ሲሆን ግን ቤትዎን ለመሸጥ እያሰቡ ነው። በገንዘብ ከገዛሁት የማንም ውለታ የለብኝም ብለው ይሆን? ይህን የምለው ልወቅስዎት ፈልጌ አይደለም። ይሉኝታ ያሳደገን ሰዎች ነን። ከመስጠት ይልቅ መቀበል የሚከብደን ብዙ ነን። ዕድሜውን ሙሉ ተማሪ ሲያስተምር፣ ቤተሰብ ሲያስተዳድር የኖረ ሰው ደግሞ የበለጠ ይከብደዋል።

ይህ ስሜት ከንቅለ ተከላ ሕክምና ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በዓለም የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገው በታኅሣሥ 1947 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ቦስተን ውስጥ ነው። ቀዶ ሕክምናውን የመሩት ዶክተር ጆሴፍ ሙሬይ ነበሩ። ሮናልድ ሄሪክ የሚባል ወጣት ለመንታ ወንድሙ ለሪቻርድ አንድ ኩላሊቱን ሰጠ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት በነበረው ሌሊት ሪቻርድ ወረቀት ጽፎ ላከለት። ተነስተህ ወደ ቤትህ ሂድ የሚል ነበር። ሮናልድም መጥቻለሁ፣ የትም አልሄድም ብሎ መለሰለት። ሪቻርድ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ኖረ፤ አግብቶ ልጆችም ወለደ። ሰጪው ሮናልድ ደግሞ እንደ እርስዎ መምህር ሆነ፤ ሒሳብ ያስተምር ነበር። በአንድ ኩላሊት 56 ዓመት ኖሮ በ79 ዓመቱ ነው ያረፈው።

ታሪኩን ያነሳሁት ልጅዎን እንዲቀበሏት ለመገፋፋት አይደለም። ፍርሃትዎ ባዶ እንዳልሆነ እኔም አምናለሁ። ልኩን ማወቅ ግን ይጠቅምዎታል። ጤነኛ ሰው አንድ ኩላሊት ሲሰጥ የቀረው ኩላሊት ትንሽ ገዘፍ ብሎ የሌላውንም ሥራ ይሸፍናል። አብዛኛው ለጋሽ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሆስፒታል ይወጣል። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ እስከዚያ ከባድ ዕቃ አያነሳም። ቀዶ ሕክምናው ራሱ አደጋ አለው። አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ሰፊ ጥናት፣ ከ10,000 ለጋሾች 3 ያህሉ በቀዶ ሕክምናው ሰበብ ሕይወታቸው አልፏል። በኋለኞቹ ዓመታት ቁጥሩ ከዚህም ቀንሷል። ለጋሹ ራሱ በሕይወት ዘመኑ ኩላሊቱ የመድከም ዕድሉ፣ ካልሰጠ ጤነኛ ሰው ይልቅ ከፍ ይላል፤ ሆኖም በደንብ ከተመረመሩ ለጋሾች መካከል ከመቶ አንድ አይሞላም።

ስለ መውለዷም ልንገርዎት። ኩላሊት የሰጠች ሴት ትወልዳለች። ነገር ግን ካናዳ ውስጥ በተደረገ ጥናት፣ በእርግዝና ጊዜ የደም ግፊት የመጣባቸው ከለጋሾቹ 11 በመቶ፣ ካልሰጡት ደግሞ 5 በመቶ ነበሩ። አብዛኞቹ በሰላም ወልደዋል። ይህን ልጅዎ ማወቅ አለባት፤ የምታውቀውም ከሐኪም አፍ መሆን አለበት። ሐኪሞችም ቢሆኑ 23 ዓመቷ የሆነችና አባቷ በደም ግፊት ኩላሊቱ የደከመ ልጅን ዝም ብለው አይቀበሉም። ገና ረጅም ዕድሜ ስላላት የበለጠ ይጠነቀቁላታል። የደም ዓይነቷ መስማማቱ የመጀመሪያው ደጃፍ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሕብረ ሕዋስ ምርመራ አለ፤ ደማችሁን አንድ ላይ አድርጎ የእርስዎ ሰውነት የእሷን ይቃወም እንደሆነ የማየት ምርመራ አለ። የግፊት፣ የስኳር፣ የሽንት፣ የኩላሊት አሠራርና የምስል ምርመራም ይከተላል። ስለዚህ «ልመርመር» ማለቷን «ሰጠሁ» እንደማለት አይቁጠሩባት።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ምርመራው የሚጀመር ከሆነ ሐኪሙን ለብቻዋ ታነጋግረው። እርስዎም እናቷም በሌላችሁበት። በማንኛውም ቀን፣ ቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ላይም ቢሆን፣ «ይቅርብኝ» ማለት ትችላለች። ያን ጊዜ ሐኪሞቹ ለቤተሰቡ «ለመስጠት አትሆንም» ብለው ብቻ መናገር ይችላሉ፤ ምክንያቱን ዘርዝሩ አይባሉም። እርስዎም አስቀድመው «ብትተዪውም ያው ልጄ ነሽ» ይበሏት። ይህን ከአፍዎ መስማቷ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ እህትና ወንድምዎ ልምጣ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ለጋሽ ፍለጋዎ ገና አልተጀመረም። ጭንቀቱ ሁሉ በአንዲት ልጅ ላይ የወደቀው ሌላው ስለማያውቅ ነው። ልጅ ከአባቷ ጋር በሕብረ ሕዋስ የምትመሳሰለው በግማሽ ነው። ከአንድ አባትና ከአንድ እናት የተወለዱ ወንድምና እህት ግን ሙሉ በሙሉ የመመሳሰል ዕድላቸው ከአራት አንድ ነው። ግማሽ የመመሳሰል ዕድላቸው ደግሞ ከሁለት አንድ። በአሁኑ መድኃኒት ሙሉ መመሳሰል የግድ ባይሆንም፣ ይበልጥ የሚስማማዎት ኩላሊት ሐይቅ ወይም ኮምቦልቻ ሊኖር ይችላል። ልጆቻቸውን ወልደው የጨረሱ፣ የአርባና የሃምሳ ዓመት ጤነኛ ሰዎችም ይሰጣሉ።

ደግሞ እንዲህ አድርገው ያስቡት። እህትዎ ታማ በሳምንት ሁለት ቀን ማሽን ላይ እየተኛች፣ ከሃያ አምስት ኪሎ ሜትር በማይርቅ ከተማ ያሉት እርስዎ ሳይሰሙ ቢቀሩ ምን ይሰማዎት ነበር? እኔ እርስዎን ብሆን በጣም ይከፋኝ ነበር።

ምን ብዬ ልለምናቸው ብለዋል። አይለምኗቸው፣ ይንገሯቸው። ለመንገር ደግሞ ከራስዎ ችግር ሌላ ምክንያት አለ። የደም ግፊት በዘር ይሄዳል። ሳይሰማቸው ግፊታቸው ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። የእርስዎን ታሪክ ሰምተው ቢለኩና ሽንታቸውን ቢታዩ፣ ባይሰጡዎትም እንኳ ራሳቸው ይድናሉ። ስልክ አይደውሉላቸው። እጥበት በሌለዎት ቀን፣ አቅም ካለዎት በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ይውረዱ። ካልሆነም እህትዎ ወደ ደሴ ትምጣ። ቡና እየተጠጣ እንዲህ ሊሏት ይችላሉ፤ «እህቴ፣ ኩላሊቴ ደክሞ እጥበት ላይ ነኝ። ሐኪም ንቅለ ተከላ ነው የሚሻልህ ይለኛል። ስጪኝ ብዬ አይደለም የመጣሁት። እንድታውቂው ብዬ ነው። ስለ መስጠት ማወቅ የሚፈልግ ካለ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ እኔ ማንንም አልጠይቅም፣ እምቢ ባለም አልቀየምም።» ከዚያ ወሬውን ወደ ሌላ ያዙሩት። ሰው አስቦ መልስ የሚሰጠው ዓይን ለዓይን ሳይተያይ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ነገር እርስዎ ባይሠሩት እመርጣለሁ። ዘመድ የሚያነጋግር፣ የሚጠይቀውን ሰው ወደ ሐኪም የሚያገናኝ አንድ ሰው ይኑር። እህትዎ ፈቃደኛ ከሆኑ ጥሩ ነው፤ አለበለዚያ የባለቤትዎ ወንድም ወይም የሚያምኑት የሥራ ባልደረባ። በሽተኛው ራሱ ሲጠይቅ ሰው እምቢ ለማለት ያፍራል። ያፈረ ሰው ደግሞ እሺ ብሎ መሐል ላይ ይጠፋል።

የታላቅ ወንድምዎ ጉዳይ ግን ለየት ይላል። ስምንት ዓመት ቀላል አይደለም። እንድትታረቁ ከልቤ እመኛለሁ። ግን ዕርቁና ኩላሊቱ በአንድ ቀን አይሁኑ። ሽማግሌ ልከው ከታረቁ በኋላ በዚያው ጉባኤ ሕመምዎን ካነሱ፣ ለኩላሊቱ ብሎ ነው የታረቀን ይባላል። እርስዎም ራስዎን ይጠራጠራሉ። መታረቅ ከፈለጉ ስለ ቤቱ ነገር ብቻ ተነጋግራችሁ ታረቁ። ስለ ሕመምዎ ከእህትዎ ይሰማ። ሰምቶ ከመጣ መልካም፤ ካልመጣም ዕርቁ በራሱ ጥቅም አለው። ምናልባት ይህን ለማድረግ አሁን አቅሙ የለዎትም። ከሌለዎት ይቆይ።

ስለ ደወለልዎት ሰው ግን አላመነታም። ስልኩን አያንሱ። በወንጀል ሕጋችን የሰውን አካል መሸጥም መግዛትም ወንጀል ነው። በአገራችን በሕይወት ያለ ለጋሽ ዘመድ እንዲሆን ሲጠየቅ የቆየውም ድሃ ሰው ለገንዘብ ብሎ ገላውን እንዳይሸጥ ነው። ሕንድም እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣችው ሕግ የአካል ሽያጭን ከልክላለች። «የአክስት ልጅ» የሚለው የሐሰት ወረቀት ቢያዝ ተጠያቂ ከሚሆኑት አንዱ እርስዎ ነዎት። ገንዘቡን ወስዶ ስልኩን ቢዘጋ ደግሞ የት ሄደው ይከሳሉ? ቤትዎን ሸጠው ቢሳካ እንኳ፣ ኩላሊቱን የሰጠው ሰው ማን ነው? ምን ቸግሮት ነው? በቅጡ ተመርምሯል? ከሰጠ በኋላስ ማን ይከታተለዋል? ልጅዎን ከሚፈሩላት ነገር ሁሉ የባሰው በዚያ ሰው ላይ ይደርሳል። እሱም የአንድ ሰው ልጅ ነው።

አክስትዎን አይጣሏቸው። የተናገሩት ከፍቅርና ከእምነት ተነስተው ነው። ሆኖም የዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ (የሃይማኖቱ ሕግ) አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ጅዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ፣ ሰጪው በሕይወቱ ላይ አደጋ እስካልመጣ ድረስና በፈቃዱ እስከሆነ ድረስ አንድ ሰው ለሌላው አካሉን መስጠት እንደሚቻል ወስኗል። መሸጡን ግን ከልክሏል። የሚያምኗቸውን ሸይኽ ቤት ጠርተው አክስትዎም ባሉበት ይጠይቋቸው። እርስዎ ከሚከራከሯቸው ይልቅ ከሸይኹ ቢሰሙት ይቀላቸዋል።

ስለ ሕክምናው መንገድ ጥቂት ልጨምር። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ በሚገኘው በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው። የእጥበት ሐኪምዎን ለንቅለ ተከላ ብቁ መሆንዎን የሚያዩበት ሪፈር እንዲጽፉልዎት ይጠይቁ። ለጋሽ እስኪገኝ መጠበቅ የለብዎትም። የልብዎን፣ የሳንባዎንና የኢንፌክሽን ምርመራዎችን ቀድሞ መጨረስ ጊዜ ያተርፋል። የጉበት በሽታ ክትባትም አስቀድመው ይውሰዱ። ሌላው ሰው ብዙ የማያውቀው ነገር ደም መውሰድ ነው። ደም በተወሰደ ቁጥር ሰውነት የሌላ ሰው ኩላሊት የሚቃወም ነገር ሊያመርት ይችላል። ደም ያስፈልግሃል ሲባሉ ንቅለ ተከላ እንዳሰቡ ይንገሯቸው፤ ሌላ መንገድ ካለ ይፈልጉልዎታል። ዝምድናን የሚያስረዳ ምን ማስረጃ እንደሚፈለግም ከአሁኑ ይጠይቁ፤ ወረቀት ፍለጋ ወራት ይፈጃል።

ንቅለ ተከላ ሁሉን ነገር ይጨርሳል ብዬ ላታልልዎት አልፈልግም። አዲሱ ኩላሊት የሚቀመጠው ከሆድ በታች በኩል ነው፤ የድሮዎቹ ብዙውን ጊዜ አይወጡም። ሰውነትዎ እንዳይቃወመው በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ መድኃኒት ይወስዳሉ። የግፊት መድኃኒትዎን ሲሻልዎት እንደሚተዉት አድርገው ይህን ቢተዉት፣ አንድ ሰው ከገላው ቆርሶ የሰጠዎት ኩላሊት ይሞታል። ከሕያው ለጋሽ የተገኘ ኩላሊት በአማካይ ከ15 እስከ 20 ዓመት ያገለግላል። ስለዚህ አሁን የሚወስዱትን የግፊት መድኃኒት ዛሬውኑ ሳያቋርጡ መውሰድ ይጀምሩ። ለጋሽዎ ማንም ይሁን ማን፣ ይህን አይቶ ልቡ ያርፋል።

ኩላሊት የማይሰጥ ዘመድም ብዙ ይረዳል። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለወራት ቶሎ ቶሎ ቀጠሮ ስለሚኖር ከሆስፒታሉ ብዙ መራቅ አይቻልም። አዲስ አበባ ቤት ያለው፣ ለማስታመም ፈቃድ መውሰድ የሚችል፣ ታናሹን ልጅዎን የሚይዝልዎት፣ ለሦስተኛው የእጥበት ቀን የሚያግዝ ያስፈልግዎታል። ቅሬዎ (ዕድርዎ) ለሐዘን ብቻ አይደለም፤ ለሕመምም ይደርሳል። እነሱም ቢሆኑ የሚደርሱት ሲሰሙ ነው።

ለልጅዎ የመጨረሻውን መልስ አሁን መስጠት የለብዎትም። እህትና ወንድምዎ ካወቁ በኋላ፣ እሷም ከሐኪሙ ጋር ከተነጋገረች በኋላ «አሁንም አልፈልግም» ካሉ፣ ያን ጊዜ ምክንያቱን ተረጋግተው ይንገሯት። ትሰማዎታለች ብዬ አምናለሁ። ለቅዳሜ ስትመጣ ብቻ «እህቴ ዘንድ ልወርድ ነው፣ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» ይበሏት። በሚቀጥለው የእጥበት ቀንዎ ደግሞ ሐኪሙን ሪፈሩን መቼ እንደሚጽፉልዎት ይጠይቋቸው፤ ምን እንዳሉዎትም ይጻፉልኝ።